ጤፍ በማኅተም የወጣበት ዘመን

«የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብቶች» የሚል ረዥም ስም የተሸከመው ዐዋጅ ቁጥር 482፣ በየካቲት ወር 1998 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ወጣ። ስሙ ለአፍ የከበደ በመሆኑም ይሁን ነገሩ የጠበቆችና የሊቃውንት ብቻ መስሎ በመታየቱ፣ ዐዋጁን በስሙ ጠርቶ የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው፤ የሚናገረው ግን ከማንኛችንም ጓዳ ስለማይጠፋ ነገር ነው። ዘር ይሁን ቅጠል፣ ሥር ይሁን ደም፣ በዐይን የማይታዩት ደቂቅ ዘአካላት ሳይቀሩ፣ የዚህች አገር ሥነ ፍጥረት የመንግሥቱና የሕዝቡ ንብረት መሆኑን ደንግጎ፣ ለምርምርም ሆነ ለንግድ ሊወስደው የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ እንዲጠይቅ፣ ከአገር ሊያወጣው ሲነሣም የመውጫ ፈቃድ እንዲይዝ ያዝዛል፤ የጉምሩክ ሠራተኛውን፣ ፖስታ ቤቱንና የኳራንቲን ተቆጣጣሪውንም የዚህ በር ዘበኞች አድርጎ ሾሟቸዋል።

ዘበኝነቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ በምዕራብ ሸዋ የእንጭኒን ገበያ ማየት ይበቃል። የአዳአ በርጋ ወረዳ ደጋ ገብሱንና ቅቤውን፣ ወይና ደጋው ደግሞ ጤፉን ይዞ በሚገናኝበት በዚያ ስፍራ፣ ባለጤፉ የማዳበሪያውን አፍ ፈትቶ፣ ነጩን ከሠርገኛው ለይቶ ሲያቀርብ፣ ገዢው በመዳፉ ዘግኖ፣ እፍ ብሎ እብቁን ካበረረ በኋላ በአውራ ጣቱ ሲያሸው፣ በጣቶቹ መካከል ሾልኮ ወደ መሬት የሚወርደውን ማንም ጎንበስ ብሎ አይለቅመውም። አንድ ግራም ጤፍ ከ2500 የማያንስ ፍሬ ስለሚይዝ፣ በአንድ መንገደኛ ኮት ኪስ ስፌት ውስጥ ተረስቶ የቀረው ትራፊ ብቻ በሌላ አገር ደኅና መደብ ይዘራል፤ እንዲህ ያለውን ነገር የቦሌ ፈታሽ በምን ዐይኑ ያየዋል?

በእርግጥም ዘራችን ከዐዋጁ እጅግ ቀድሞ ሲወጣ ኖሯል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ምእት ዓመት ከጎንደር ሲመለስ የያዘው የጤፍ ዘር ወደ አውሮፓ የአትክልት ስፍራዎች ገብቶ፣ ፍሎረንስ ላይ ዙካኚ የተባለ ሊቅ በ1775 እ.ኤ.አ. የላቲን ስም አወጣለት። ታላቁ የሶቪየት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ፣ በኋላ በስታሊን ወኅኒ ተርቦ የሞተው፣ በ1919 ዓ.ም. መጥቶ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ከተገናኘ በኋላ አገሩን ዞሮ በሺሕ የሚቆጠር የስንዴ፣ የገብስና የሌላም አዝርዕት ናሙና ይዞ ተመለሰ። ከጌሻ የተለቀመው ቡና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ኬንያ ተሻግሮ፣ ታንጋኒካንና ኮስታሪካን አቋርጦ፣ ፓናማ ላይ በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ ሆነ። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘው፣ ቢጫ አቀጭጭ የሚባለውን የቫይረስ በሽታ የመቋቋም ባሕርይ ደግሞ የካሊፎርኒያን ገብስ አምራቾች ከብዙ ኪሳራ አድኗል።

ይህን ሁሉ በጅምላ ዝርፊያ ብሎ መጥራት ግን ሚዛን ማዛባት ይመስለኛል። ወደ እኛም የገባ አለና። በዚያው በአዳአ በርጋ ለምርምር የሚረቡት የጀርሲ ላሞች ዘራቸው ከዴንማርክ የመጣ ነው፤ በአምቦ ያለው የዕፅዋት ጥበቃ ምርምርም ሥር የያዘው በሶቪየት ሊቃውንት እርዳታ ነው። መስጠትና መቀበል በዓለም የነበረ ሥርዐት ሲሆን፣ ጥያቄው ሁልጊዜ በምን ቃል ተሰጠ የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ከማንኛውም በላይ አጥርቶ የሚያሳየን ብሩስም ቫቪሎቭም ሳይሆን፣ በእኛው ዘመን፣ በእኛው ፊርማ የሆነው የጤፍ ውል ነውና ጥቂት ልቆይበት።

በ1995 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ አጠራሩ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ድርጅት የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ ላረንስታይን ከተባለው የኔዘርላንድ ከፍተኛ ትምህርት ቤትና ሶይል ኤንድ ክሮፕ ኢምፕሩቭመንት ከተባለው የዚያው አገር ኩባንያ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመ። በዚህ ሰነድ መሠረት 12 ዓይነት፣ በጠቅላላው 1440 ኪሎ ግራም የጤፍ ዘር ወደ ኔዘርላንድ ተላከ፤ ከ14 ኩንታል በላይ መሆኑ ነው። ቀደም ብዬ ስለ ኪስ ስፌት ያወራሁት ለዚህ ነበር፤ አንድ ጭብጥ የሚበቃው ሰው 14 ኩንታል በጆንያ ተጭኖለት፣ ወረቀቱም ማኅተሙም ተሟልቶለት ሄደ። ፈረንጆቹ ጤፍን የወደዱበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ በስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀታቸውን የሚያውክባቸው ብዙ ሕዝብ ስላላቸው፣ ግሉተን የሌለው፣ ብረትም የማያንሰው እህል ለዳቦ ቤቶቻቸው ታላቅ ገበያ ነበር።

ነገሩ የተወሳሰበው በሐምሌ 15 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን የኩባንያው ዳይሬክተር ያንስ ሮስየን የፈጠራ ባለቤት ተብሎ፣ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፓተንት ማመልከቻ ለኔዘርላንድ መንግሥት ቀረበ። ማመልከቻው በመርሕ ደረጃ የጤፍን ዘር የእኔ ነው አይልም፤ የያዘው ከዘሩ የረቀቀ ነገር ነው። ዳቦ ጋጋሪዎች ፎሊንግ ነምበር የሚሉት መለኪያ አለ፤ ዱቄትና ውኃ በጠባብ ብርጭቆ ውስጥ ተበጥብጦ በፈላ ውኃ ሲሞቅ፣ በላዩ የተለቀቀ ዘንግ እስከ ታች ለመስጠም የሚፈጅበት ጊዜ በሰከንድ ይቆጠራል፤ ሰከንዱ እጅግ ካነሰ ዱቄቱ ለመጋገር አይመችም። ሮስየን ያለው እንግዲህ፣ ጤፍ ወዲያው እንደ ታጨደ ሳይፈጭ፣ ለሳምንታት ተቀምጦ ይህ ቁጥር ቢያንስ 250 ሲደርስ ቢፈጭ ዱቄቱ ይሻላልና፣ እንዲህ ያለው ዱቄት የእኔ ግኝት ነው የሚል ነው። በኅዳር አጭዶ፣ ከምሮ፣ በታኅሣሥና በጥር ወቅቶ፣ በጎተራ አሳድሮ የሚያስፈጨው የሸዋ ገበሬ ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

የማመልከቻው ዝርዝር ገና ይፋ ባይወጣም ወሬው ሲሰማ ቁጣ ተነሣ። በ1996 ዓ.ም. በኩዋላ ላምፑር በተደረገው የብዝኀ ሕይወት ስምምነት አባል አገሮች ጉባኤ ላይ፣ የሥነ ሕይወት ዘረፋን የሚቃወሙ ማኅበራት በተረት ዓለም በሚታወቀው የባሕር ወንበዴ በካፒቴን ሁክ ስም የሚጠራውን የስላቅ ሽልማት ለዚሁ ኩባንያ ሰጡ። ድርድሩ ግን አልቆመም፤ እንዲያውም በመጋቢት 27 ቀን 1997 ዓ.ም. የብዝኀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት፣ የምርምር ድርጅቱ ባለበት፣ የዚያው ኩባንያ ተተኪ ከሆነው ከሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ጋር የ10 ዓመት ውል ተፈራረመ። ውሉ በወረቀት ሲነበብ ያማረ ነው፤ ከጤፍ ዘር ሽያጭ ከሚገኘው የተጣራ ትርፍ 30 በመቶ፣ ለሚዘራው ለእያንዳንዱ ሄክታር 10 ዩሮ፣ ለጤፍ ገበሬዎች መደጎሚያ በሚቋቋም ሣጥን ውስጥ ደግሞ በዓመት ከ20,000 ዩሮ የማያንስ ገንዘብ ለኢትዮጵያ እንዲከፈል ያዝዛል። በዓለም ዙሪያ የፍትሐዊ ክፍፍል አብነት ተብሎ ተወደሰ።

ከዚያ ሁሉ ተስፋ እጃችን የገባው 4,000 ዩሮና ተጀምሮ የተቋረጠ አንድ አነስተኛ የምርምር ሥራ ነው። ኩባንያው በሐምሌ 2001 ዓ.ም. መክሰሩ ታወጀ፤ ተዋዋይ ሲጠፋ ውሉም አብሮ ተቀበረ። ፓተንቱ ግን አልከሰረም። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ በጥር 1999 ዓ.ም. አጽድቆት ስለ ነበር፣ ቀድሞ በኩባንያው አመራር ላይ በነበሩ ሰዎች በሚመሩ ሌሎች ኩባንያዎች እጅ ሆኖ፣ የኢትዮጵያ ጤፍ ነጋዴ ፓተንቱ በጸናባቸው የአውሮፓ አገሮች ገበያ ዱቄቱን ይዞ ሊገባ ቢሞክር የሚያስከስስ መሣሪያ ሆኖ ቀረ።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት አንድምታ ይነገራል። የመጀመሪያው፣ በአገራችን የተወደደውም እርሱ ነው፣ ፈረንጅ አታለለን፣ ሰረቀን የሚለው ነው። ሁለተኛው ቀኑን የሚቆጥሩ ሰዎች የሚያነሡት ነው። ማመልከቻው የገባው ውሉ ከመፈረሙ 20 ወር ቀድሞ ነው፤ የፓተንት ማመልከቻ ደግሞ በልማዱ ከ18 ወር በኋላ ይፋ ይወጣል፤ ስለዚህ ውሉ በሚፈረምበት ዋዜማ መዝገቡን የሚያገላብጥ አንድ ጠበቃ ቢቀጠር ነገሩን ሊደርስበት ይችል ነበር። የውሉ አንቀጽ ኩባንያው በጤፍ የዘር ሀብት ላይ የባለቤትነት መብት እንዳይጠይቅ ሲከለክል፣ ዘሩ ስለሚፈጭበት ብልሃት ግን በሩን ክፍት ተወው፤ ፓተንቱ ከጸደቀ በኋላ ተቃውሞ ለማቅረብ የተፈቀደው 9 ወርም በዝምታ አለፈ። የሮስየንን ሥራ በግብረ ገብ ሚዛን ማቅለል ባልሻም፣ የእኔ ፍርድ ወደዚህ ያዘነብላል፤ ሌባ በጨለማ ሳይሆን እንግዳ በቀን ገብቶ፣ እኛ በሰጠነው ብዕር የጻፈውን ሳናነብ ፈረምንለት።

ከውሉ 11 ወር በኋላ ዐዋጅ 482 ወጣ። በዚያው በ1998 ዓ.ም. መንግሥት የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ከለከለ፤ የተጋገረ እንጀራ ግን ተፈቀደ። የክልከላው ምክንያት የአገር ውስጥ የዋጋ ንረት ስለ ነበር ከውሉ ጋር አይያያዝም፤ ሆኖም ነገሩ ጎን ለጎን ሲታይ ግራ ያጋባል፤ የእንጭኒ ገበሬ ጤፉን ባሕር ማዶ እንዳይሸጥ በተከለከለበት ዘመን፣ የኔዘርላንድ ገበሬ ጤፍ እየዘራ ለአውሮፓ ዳቦ ቤቶች ያቀርብ ነበር።

  

ፓተንቱ በመጨረሻ የወደቀውም በእኛ ክርክር አይደለም። ባለመብቱ ኩባንያ ባከልስ የተባለውን የኔዘርላንድ የዳቦ ግብዓት አምራች በፓተንት ጥሰት ሲከስሰው፣ ተከሳሹ ይህ ግኝት ከመጀመሪያው ግኝት አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ የሄግ ፍርድ ቤትም በኅዳር 2011 ዓ.ም. ብያኔውን ሰጥቶ ፓተንቱን በኔዘርላንድ ሻረው። አዲስ አበባ ደስታዋን የገለጸችው ከወራት በኋላ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ዓለም የዚህን የመውጫ ፈቃድ በር ሌላ ገጽ አየ። የኮሮና ክትባት በተገኘ ጊዜ የአውሮፓ ኅብረት በጥር 2013 ዓ.ም. ክትባት ያለ ፈቃድ ከግዛቱ እንዳይወጣ ደነገገ፤ ጣሊያን በዚሁ ደንብ ወደ አውስትራሊያ ሊጫን የነበረ 250,000 ጠብታ አገደች። በየካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የደረሰው 2.2 ሚሊዮን ጠብታ የተመረተው ሕንድ ውስጥ ነበር፤ ወር ሳይሞላ ሕንድ የራሷ ሕዝብ በወረርሽኙ ሲረግፍ የክትባት መላኪያዋን ዘጋች፤ ለድሆች አገሮች የተመደበውም እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ድረስ ተያዘ። ዘርና ተሐዋስያን የሰው ልጅ የጋራ ሀብት ናቸው ተብሎ ሲሰበክ የኖረው፣ ከእነርሱ የሚሠራው ክትባት ግን የባለ ፋብሪካው አገር ንብረት ሆኖ ተገኘ። ይህን ቀድማ ያየችው ኢንዶኔዥያ ናት፤ በ1999 ዓ.ም. የጤና ሚኒስትሯ ሲቲ ፋዲላ ሱፓሪ፣ ከታማሚዎቻችን የሚወሰደው የወፍ ጉንፋን ናሙና ክትባት ሆኖ በማንገዛው ዋጋ ይመለስብናል ብለው ናሙና መላክ አቆሙ፤ ጥለኛ ተባሉ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን የዓለም ጤና ድርጅት የጉንፋን ናሙናን ከክትባት ክፍፍል ጋር የሚያያይዝ ደንብ አጸደቀ።

አሁን ያው ክርክር በሰፊው ተከፍቷል። በግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ የጸደቀው የወረርሽኝ ስምምነት፣ አገሮች የተሐዋስያንን ናሙና ሲሰጡ ፋብሪካዎች በወረርሽኝ ጊዜ ከሚያመርቱት 20 በመቶውን ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲያቀርቡ፣ ከዚህም ቢያንስ ግማሹ በነፃ እንዲሆን ያልማል፤ ዝርዝሩን የሚወስነው አባሪ ደግሞ ለግንቦት 2018 ዓ.ም. ጉባኤ እንዲቀርብ ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። ድርጅቱን የሚመሩት ኢትዮጵያዊ መሆናቸው ያኮራል፤ የሚያዋጣን ግን አንቀጹን ማንበብ ነው። ስለዚህ በዚህ ድርድር ኢትዮጵያን ወክለው የሚቀመጡ መልእክተኞች፣ ከአምቦ ዩኒቨርሲቲም ጭምር ነገ በእግራቸው የሚተኩ የሕግ ተማሪዎችም፣ የ1997ቱን የጤፍ ውል ከሐምሌ 1995ቱ ማመልከቻ ጋር ጎን ለጎን አድርገው አንቀጽ በአንቀጽ እንዲያነቡት አደራ እላለሁ፤ የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩትም ሁለቱን ሰነዶች በአማርኛና በኦሮምኛ አሳትሞ ቢያቀርብላቸው ወጪው ከተቀበልነው 4,000 ዩሮ አይበልጥም።