ነጋሪትና ማዕረግ፦ የቀድሞ የጦር አዛዦች ሐሳባቸውን እንዴት ያስተላልፉ ነበር?

በቀድሞው የኢትዮጵያ ሠራዊት የአዛዡ ሐሳብ ለሕዝቡ የሚደርሰው በነጋሪት ነበር። የክተት አዋጅ በገበያ ሲታወጅ ገበሬው ስንቁን ቋጥሮ ከአካባቢው አለቃ ሥር ይሰለፋል።

ከዚያ በኋላ ብዙውን ትእዛዝ የሚናገረው ማዕረጉ ራሱ ነው። ዛሬ የክብር ስም ብቻ መስለው የሚሰሙት ማዕረጎች በመነሻቸው የሥራ ድርሻ ነበሩ፤ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኝአዝማች በቀኝ፣ ግራአዝማች በግራ። የንጉሠ ነገሥቱ ድንኳን ሲተከል ሌላው ቦታውን ሳይጠይቅ ያውቃል። እጅግ ብዙ ሰው ያለ ጽሑፍ ለማንቀሳቀስ ይህ ብልህ ሥርዓት ነበር።

ድክመቱ የታየው ከሳንጃ በስተምዕራብ በምትገኘው መተማ ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መጀመሪያ የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጦር በዘኪ ቱማል የሚመራውን የድርቡሽ ምሽግ ጥሶ ገብቶ ነበር። ይሁንና ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት መመታታቸው ሲሰማ፣ ድል የቀናው ሠራዊት ማፈግፈግ ጀመረ። ሁሉም ቦታውን ከእርሳቸው አንጻር ያውቅ ነበርና እርሳቸው ሲወድቁ ውጊያውን የሚያስቀጥል ቃል ጠፋ።

ዐፄ ዮሐንስ ከማረፋቸው በፊት ራስ መንገሻ ልጃቸውና ወራሻቸው መሆናቸውን በዙሪያቸው ለነበሩት መኳንንት ተናገሩ። ኑዛዜው ግን ጦሩን አላሰባሰበም፤ በዚያው ወር የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥትነታቸውን አወጁ።