የተራራ ሳይክል ከተማ ስትገባ

እንግዲህ ስሙኝማ። ባሕር ዳር አንድ ወዳጅ አለኝ፤ መምህር ነው። ቤቱ አባይ ማዶ፣ ትምህርት ቤቱ ከድልድዩ ወዲህ። ጠዋት ባጃጅ ሲጠብቅ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ያመልጠዋል፤ ወር ሳይጋመስ ደግሞ የትራንስፖርቱ ነገር ደመወዙን ይቆረጥመዋል። ታዲያ ጓሮው ውስጥ ቆርቆሮ ተደግፋ የቆመች ማውንቴን ሳይክል ነበረችው። ስትገዛም ርካሽ ነበረች። ጎማዋ ጥርሳም፣ የፊት ሾኳ የሚንጫጫ፣ ካቴናዋ ዝገት የበላው።

ጎትቶ የሰፈሩ ሳይክል ሠሪ ጋ ወሰዳት። ሰውዬው ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሼ፣ ይቺን ለሥራ መመላለሻ ያደርጉልኛል ወይስ ልሽጣት?»

«ማን ይገዛሃል?» አሉት ቀና ሳይሉ።

ገልብጠው በኮርቻዋና በመሪዋ አቆሟት። ፍሬሟን፣ በተለይ ብየዳው ብየዳው ላይ፣ በጣታቸው ዳበሱት፤ ስንጥቅ የለም። ቸርኬውን አሽከረከሩት፤ ትንሽ ይወላገዳል፣ ሽቦው ሲወጠር የሚቃና ነው። ቀጥሎ ያደረጉትን ልብ በሉ። ከኪሳቸው ሜትር አወጡና በኢንቹ በኩል ካቴናው ላይ ዘረጉት። ከአንዷ ፒን ተነስተው 24 ጊዜ ቆጠሩ። አዲስ ካቴና ቢሆን ልክ 12 ኢንች ላይ ያርፋል። የመምህሩ አለፍ አለ፤ ከ1/16 ኢንች ይበልጣል፣ 1/8 ግን አልሞላም።

«ተርፈሃል» አሉት። «1/8 ቢደርስ የኋላ ጥርሱም አብሮ ተበልቶ ነበር፤ አዲስ ካቴና ቢገጠምበት እየዘለለ ያስቸግርሃል። አሁን ካቴናውን ብቻ ግዛ።»

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ። የተራራ ሳይክል የምንላት ራሷ ከአሮጌ ሳይክል ጥገና የተወለደች ናት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባል አውራጃ፣ ጥቂት ጎረምሶች ከ1930ዎቹና ከ40ዎቹ የተረፉ ከባድ ሳይክሎች በርካሽ እየገዙ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ቁልቁል ይለቋቸው ጀመር። በ1976 «ሪፓክ» የተባለውን ውድድር ጀመሩ። ቁልቁለቱ የኋላውን ፍሬን ከማጋሉ የተነሳ ግራሶው እየጨሰ ያልቅ ነበር፤ ወርደው ሲያበቁ ፈትቶ እንደገና መሙላት ግድ ነበር። እነሱ የከተማውን ሳይክል ተራራ አወጡት፤ የኛ መምህር መልሶ ማውረዱ ነው።

ወደ ጎማው እንመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው። ጥርሱ ጭቃ ለመቆንጠጥ የተሠራ ስለሆነ አስፋልት ላይ ጉልበት ይበላል፣ ሲሄድም ያጉረመርማል። መምህሩ ይህን እንደሰማ ገበያ ሮጦ ለስላሳ ጎማ ይዞ መጣ። ጎኑ ላይ «26 በ1 3/8» ይላል።

«የኔም እኮ 26 ነው!»

ሽማግሌው ሳቁ። የማውንቴኑ 26 በነጥብ የሚጻፈው ነው፤ 1.5፣ 1.95 የሚለው። ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር 559 ሚሊሜትር ነው። ያ በክፍልፋይ የተጻፈው ደግሞ 590 ነው። ሠላሳ አንድ ሚሊሜትር በመዶሻም አይጠብም። ሄዶ 26 በ1.5 ለውጦ መጣ፤ ነፋሱም ጎማው ላይ ከተጻፈው ሳያልፍ ጠንከር ተደርጎ ተሞላ።

ከዚያ ኮርቻው። ሕዝቡ ሁሉ ኮርቻ ዝቅ አድርጎ እየነዳ ጉልበቴን አመመኝ ይላል። «ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርግ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርህ ቀጥ ካለ ልክህ እሱ ነው» አሉና ከፍ አደረጉለት፤ የኮርቻው ብረት ላይ የተቀረጸችውን የመጨረሻ መስመር ግን አላሳለፏትም። በእግሩ የፊት ክፍል ሲረግጥ ጉልበቱ ትንሽ እጥፍ ይላል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

መምህሩ ሾኩንም ማስቀየር አማረው።

«ደህናው ሾክ ከሳይክልህ ይወደዳል። ይልቅ ፍሬንህን አሳየኝ።» የፍሬኑ ጎማ አልቆ ብረቱ ቸርኬውን ሊፍቅ ምንም አልቀረውም። እሱ ተቀየረ፣ የፍሬኑ ሽቦም ተቀየረ። ሾኩ ማጥበቂያው ጠበቅ ተደርጎለት እንዳለ ቀረ።

ፓራፋንጎ አልገዛም ብሎ ነበር። በክረምት ከኋላ ጎማ የተረጨ ጭቃ ነጭ ጋዋኑን ከወገቡ እስከ ማጅራቱ ሲያሰምርበት ነው አስገጥሙኝ ብሎ የመጣው። ያኔውኑ የኋላ መጫኛም አስበየደ፤ የሚታረም የተማሪ ደብተር በላስቲክ ታስሮ ይጫንበታል። ለማታ ከኋላ ቀይ መብራት፣ ከፊት ነጭ።

ዛሬ በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው አዲሱ ድልድይ ነው የሚሻገረው። 380 ሜትር ነው፤ ለጥ ያለ። ሰባት ማርሽ ካለው የኋላ ጥርስ የሚነካው ሁለቱን ነው፤ የቀሩት ሥራ ፈት ናቸው።

ጥርሳሞቹን ጎማዎች ሽማግሌው አልጣሏቸውም። ጭቃ መንገድ ወዳለው ቀበሌ የምትመላለስ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ገዛቻቸው፤ ዋጋቸውም ከመምህሩ ሒሳብ ተቀነሰለት።