እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ

እስቲ ወንበራችሁን ሳብ አድርጉና አድምጡኝ። ሰው «የአሜሪካ ሕክምና ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ ሲጠይቀኝ በአንድ ቃል መመለስ ስለሚያቅተኝ፣ ሁልጊዜ የምጀምረው ከአክስቴ ከእቴቴ ነው።

እቴቴ በስልሳ ሰባት ዓመቷ፣ ልጇ ግሪን ካርድ አስጨርሳላት፣ ስኳሯንና ደም ግፊቷን ይዛ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባች። ቦታውን ለማታውቁት፦ ከዋሽንግተን ዲሲ ጆርጂያ አቬኑን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ስትወጡ ኢስተርን አቬኑ የሚባል መንገድ ታቋርጣላችሁ። መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ልብም አትሉት። እዚያ ላይ ግን ዲሲ አልቃ ሜሪላንድ ጀምራለች። እንጀራው ያው፣ ቡናው ያው፣ ሐበሻው ያው፤ የሚለወጠው ሕጉ ነው። ዲሲ በ2001 ዲሲ ጄኔራል የተባለውን የሕዝብ ሆስፒታሏን ስትዘጋ፣ አሊያንስ የሚባል ፕሮግራም አቋቋመች። ገቢው ዝቅተኛ የሆነና ኢንሹራንስ የሌለው ነዋሪ የመኖሪያ ፈቃድ አለው የለውም ሳይባል የሚታከምበት ነበር። መንገዱን ተሻግሮ ያደረ ሰው ግን አይመለከተውም ነበር። እኔ ሃያ ዓመት ታክሲ ስነዳ ያንን መንገድ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳቋረጥኩት እግዜር ይወቀው። ድንበር መሆኑ የገባኝ እቴቴ ስትታመም ነው።

ኢንሹራንስ አልነበራትም። የ1996ቱ ሕግ በግሪን ካርድ የመጣውን አብዛኛውን ሰው ሜዲኬይድ የሚባለውን የድሃ ሰው የመንግሥት ኢንሹራንስ ለማግኘት አምስት ዓመት ያስጠብቀዋል። ሜዲኬር ለአዛውንት ነው ይባላል፤ ግን እዚህ ሠርቶ ያልከፈለ ሰው አምስት ዓመት ካልኖረ ልግዛው ቢል እንኳ አይፈቀድለትም። «እንግዲያው እስከ አምስት ዓመት አልታመምም» ብላ ሳቀች እቴቴ። እኛም አብረናት ሳቅን።

የሳቅነው ባለማወቃችን ነው። ልክ እንደ እሷ በሕግ የገባ፣ ገቢ የሌለውና የአምስት ዓመቱ ጥበቃ የያዘው ሰው ያኔ በኦባማኬር ገበያ በመንግሥት ድጎማ፣ በጣም በትንሽ ገንዘብ ኢንሹራንስ መግዛት ይችል ነበር። ለመመዝገብ 60 ቀን ነበራት። በእነዚያ 60 ቀናት እኛ ምን ስንሠራ ነበር? ዘመድ ለዘመድ ስናዞራት፣ ካፖርት ስንገዛላት፣ ኋይት ሐውስ አጥር ሥር ፎቶ ስናስነሣት። (ለነገሩ ያ በርም አሁን ተዘግቷል። በ2025 የወጣው ሕግ እንደ እሷ ላለው ሰው ድጎማውን ከ2026 ጀምሮ አስቀርቶታል።)

አንድ ሌሊት፣ በረዶ ጥሎ አስፋልቱ በጨው የነጣ ጊዜ፣ ስልኬ ጮኸ። የልጅ ልጇ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። እናቱ የሌሊት ሥራ ላይ ናት። «እማማ ታማለች፣ ቶሎ ና!» ስደርስ እቴቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ላቧን ትጠርጋለች። «ምች ነው የመታኝ» አለችኝ። ወጥ ስታማስል ቆይታ፣ እንደሞቃት ቆሻሻ ልትጥል ብርድ ላይ ወጥታ ነበርና ቅንጣት ጥርጣሬ የላትም። ዳማከሴ ያላት ጎረቤት ትፈለግ አለች፤ በእኩለ ሌሊት፣ በሜሪላንድ! ጎትቼ መኪና ውስጥ አስገባኋት።

ከኢመርጀንሲው በር ላይ ሁለቱን አወረድኳቸውና መኪና ላቆም ሄድኩ። ስሕተቴ ይኸው ነው። ፓርኪንግ ስፈልግ ውስጥ የሆነውን በኋላ ከልጁ አፍ ሰማሁት።

ነርሷ «እንዴት ነሽ?» አለቻት። ይህችን እቴቴ በእንግሊዝኛም ታውቃታለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብላ መለሰች። ልጁ ታማኝ ነው፤ እንዳለችው «ደህና ነኝ ትላለች» ብሎ ተረጎመው። ምንሽን ያምሻል? «እዚህ ልቤ ሥር ያቃጥለኛል፣ ያቅለሸልሸኛል።» የልጁ አማርኛ የኩሽና አማርኛ ነው፤ ብላ፣ ጠጣ፣ እጅህን ታጠብ። «ሆዷን ያቃጥላታል» አለ። ሕመሙ ከአንድ እስከ አሥር ስንት ነው? እቴቴ በሕይወቷ ሕመም ቆጥራ አታውቅም። «እሱ የሰጠኝን እችላለሁ» አለች። ልጁ ትንሽ አሰበና «ሦስት» አለ።

ሆድ፣ ሦስት፣ ደህና ነኝ። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ይህ ነው። ሕጉ ልጅን ማስተርጎም አይፈቅድም፤ በ2016 የወጣው የፌዴራል ደንብ፣ ሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ነገር ገጥሞ ሌላ አስተርጓሚ ካልጠፋ በቀር፣ በልጅ አንደበት መታመንን ከልክሏል። ግን ሌሊት ነው፣ ሰው በዝቷል፣ ልጁም እንግሊዝኛው እንደ ጅረት ይፈሳል። ማን ልብ ይበል?

እኔ ስገባ «ነገርካቸው?» አልኩት። «አዎ» አለኝ። አመንኩትና ጭንቅላቴን ግድግዳው ላይ ጥዬ ተቀመጥኩ።

አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ስኳር ያለባት ሴት ልቧን ሲያማት እንደ ፊልሙ ደረቷን ጨብጣ ላትወድቅ ትችላለች። ማቅለሽለሽ ሆኖ፣ ድካም ሆኖ፣ ላብ ሆኖ፣ መንጋጋና ክንድ ላይ ሆኖ ይመጣል። ይህን ዛሬ ለእናንተ ሳወራ ብታዩኝ የተማርኩ እመስላለሁ፤ ያን ሌሊት የማውቀው ምች ነበር።

አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ጋሪዋን እየገፋች በአጠገባችን ስታልፍ፣ እቴቴ ለራሷ «ወይ መንጋጋዬ፣ ወይ ክንዴ» ስትል ሰማች። ጋሪው ቆመ።

«እናቴ፣ የትጋ ነው?»

«ከዚህ፣ እስከዚህ» አለች እቴቴ፣ ከጉንጯ እስከ ክርኗ በጣቷ እየወረደች።

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች። «አስተርጓሚ ጠይቃችኋል?»

«እኔ እኮ እንግሊዝኛ እችላለሁ» አልኩ፣ ቅር ብሎኝ።

«ያንተን አይደለም ወንድሜ፣ የሆስፒታሉን! በነፃ ነው፣ መብቷ ነው። እኔ እንድተረጉም አልተፈቀደልኝም፤ አንተ ሂድና የአማርኛ አስተርጓሚ በል። መንጋጋና ክንድ የምትለውንም ሳትረሳ።»

ሄጄ አልኩ። መንጋጋ የሚለውን ስናገር የነርሷ ፊት ሲለወጥ አየሁት። «የደረት ሕመም» ብሎ ለገባ ሰው የልብ ምርመራው፣ ኢሲጂ የሚሉት፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲነሣ መመሪያው ያዛል። ለእቴቴ አራት ደቂቃም አልፈጀ። ባለ ጎማ ዘንግ ላይ የቆመ ስክሪን እየተገፋ መጣ፤ ስክሪኑ ውስጥ ጆሮ ማዳመጫ ያደረገ ሐበሻ አለ።

«እናቴ፣ እርስዎ ያሉትን ሁሉ እናገራለሁ፤ ምንም አይቀንሱ» አላት።

እቴቴ ከሥር ከመሠረቱ ጀመረች፤ ወጡን፣ ቆሻሻውን፣ ብርዱን፣ ምቹን። አስተርጓሚው «ምች» ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ሐኪሙን አስፈቅዶ ይህ በአገራችን ከሙቀት ወደ ብርድ የወጣ ሰው ይይዘዋል የሚባል ሕመም ነው፣ ምን እንደተሰማቸው ልጠይቃቸው አለ። ጠየቃት። «ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ» አለች። ሐኪሙ የቀረውን አልጠበቀም።

እንግዲህ ጥራቱን የምመሰክረው እዚህ ጋ ነው። ደሟ ተቀዳ፣ አስፕሪን አስዋጧት፣ አልጋው ከነእሷ ተገፋ። በእጅ አንጓዋ ቀጭን ሽቦ አስገብተው የተዘጋውን የልቧን ደም ቧንቧ ከፈቱ፤ ተመልሶ እንዳይጠብ ስቴንት አኖሩበት። ልጇ ከሥራ ሮጣ ስትደርስ እቴቴ ዓይኗን ገልጣ ሻይ ጠየቀች። እስከዚያ ድረስ ስለ ገንዘብ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። የ1986ቱ ሕግ ነው፤ ኢመርጀንሲ የገባን ሰው መክፈል ቻለም አልቻለም መርምረህ አረጋጋው ይላል። ከተረጋጋ በኋላስ? እሱን ፖስተኛው ያመጣዋል።

አመጣውም። የሆስፒታሉ፣ የልብ ሐኪሙ፣ የኢመርጀንሲው ሐኪም፣ ኢሲጂውን ያነበበው ሰው፤ ሁሉም ለየብቻቸው፣ በየራሳቸው ፖስታ። የሆስፒታሉ ብቻ ከ31,000 ዶላር በላይ ነው። እቴቴ ወደ ብር መነዘረችውና ምግብ አልወርድ አላት። «ምቹ ቢወስደኝ ይሻል ነበር» አለች። ልጇ ክሬዲት ካርዷን ልታወጣ ነበር። ያቆመቻት አብራት የምትሠራ ሐበሻ ነርስ ናት። አትክፈይ፣ መጀመሪያ የዕርዳታውን ፎርም ጠይቂ አለቻት። ለካ ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ሁሉ የገንዘብ ዕርዳታ ደንብ ጽፎ ማስቀመጥ ግዴታው ነው። ከመጀመሪያው ቢል አንሥቶ እስከ 240 ቀን ማመልከቻ መቀበል አለበት፤ 120 ቀን ሳይሞላም ክስ መመሥረትም ሆነ የክሬዲት ስም ማበላሸት አይችልም። በሜሪላንድ ደግሞ ገቢው ከድህነት መስመሩ ሁለት እጥፍ ያልዘለለ ሰው የሆስፒታል ሕክምናው በነፃ ነው። ለድንገተኛ ሕመም ብቻ የሚከፍል ሜዲኬይድም አለ፤ እሱን የሰማነው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

ፎርሙን ሞላን። ገቢ የሌለው ሰው ገቢ እንደሌለው በምን ያረጋግጣል? ደብዳቤ ጻፍን፣ ልጇ ፈረመች፣ ላክን። ከስድስት ሳምንት በኋላ አንድ ገጽ መልስ መጣ። የሆስፒታሉ ዕዳ ዜሮ። የልብ ሐኪሙ ቢሮ ግን የሆስፒታሉ ደንብ እኔን አያስገድደኝም አለ፤ በወር 50 ዶላር ተስማማን።

ለክትትል ስንመለስ እዚያችው መቀመጫ ጋ ደረስኩ። ጭንቅላቴን ያስደገፍኩበት ግድግዳ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከአሥር የማያንሱ ቋንቋዎች ተደርድረውበታል። መሃል ላይ በአማርኛ፣ አስተርጓሚ በነፃ ያገኛሉ፣ ቋንቋዎን በጣትዎ ያሳዩ ይላል። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ተደግፌው ነበር።

ልጁ ወረቀቱን ከእኔ ጋር አነበበው፤ አማርኛ ፊደል ገና ይቆጥራል። «ሦስት ያልኩት እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። እቴቴ ራሱን ደባበሰችው።

ዛሬ ከአዲስ አበባ እህቷ ደውላ «እንዴት ነሽ?» ስትላት እቴቴ ያው እቴቴ ናት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች። ከዚያ ትንሽ ዝም ትልና ትጨምራለች፦ «ዛሬ ሁለት ነኝ።»

እህቷ እስካሁን አልገባትም።