ጳጉሜን ከክላስ የቀረችበት ታሪክ

ለምሩቃን መጽሐፋችን «ከሙያህ አንድ ታሪክ ጻፍልን» ስባል የዶርምና የካፌ ትዝታውን ለሌሎች ትቼ ስለ ወር ስሞች ለመጻፍ ወሰንኩ። የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ቶሎ ይገባችኋል፤ ሌሎቻችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

እኔ የዋጃ ልጅ ነኝ፤ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችው ዋጃ። ራያ ቆላ ላይ ላደገ ሰው አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበያ መስማት ብርቅ አይደለም። ኮምፒውተር ግን ከሦስቱ አንዱንም ሳያውቅ ብዙ ዓመት ኖሯል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ነው። ፊደሉ ተገኘ እንበል፤ ማሽኑ «ረቡዕ»ን ወይም «ጥቅምት»ን ከየት ይወቅ?

እዚህ ላይ ዳንኤል ያዕቆብና የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ሳይነሱ አይታለፍም። ለሊኑክስ የአማርኛውን፣ የትግርኛውን፣ የግዕዙን፣ የሲዳምኛውን፣ የወላይትኛውን ፋይል ያዘጋጁት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ደግሞ ሲኤልዲአር የሚባለው የጋራ ማከማቻ ብቅ አለ፤ በዓመቱ ወደ ዩኒኮድ ኮንሶርሺየም ተዛወረ። ለእያንዳንዱ ቋንቋ የኤክስኤምኤል ፋይል አለው። የቀኑ ስም፣ የወሩ ስም፣ «ጥዋት» እና «ከሰዓት» በየመለያቸው ተደርድረው ተቀምጠዋል። የዋጃ ገበያ ሦስቱም ቋንቋዎች ዛሬ እዚያ አሉ።

አሁን ወደ ክላሱ እንምጣ። ጃቫ 7 ላይ በአማርኛ ቀን ጻፍልኝ ብትሉት የሚመልስላችሁ በእንግሊዝኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጃቫ 8 የሲኤልዲአርን መረጃ ይዞ መጣ፤ በ2017 የወጣው ጃቫ 9 ደግሞ ቀዳሚ ምንጩ አደረገው። ማንም ቁጭ ብሎ የአማርኛውን ክላስ በእጁ አልጻፈም። ጃቫ ሲገነባ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ኤክስኤምኤሉን ያነባል፣ የጎደለውን ከወላጁ ፋይል ያሟላል፣ ከዚያ የጃቫ ክላስ ጽፎ ያወጣል፤ ያ ክላስ ይኮምፓይላል። የወጣውን ክላስ በእጅ ማረም ዋጋ የለውም፤ በሚቀጥለው ግንባታ ይደመሰሳል። መታረም ያለበት ኤክስኤምኤሉ ነው። በእኔ ግምት የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው፦ አንድ ሰው ፋይሉ ላይ አንድ «ሐ» ቢያስተካክል እርማቱ ፋይሉን ወደሚጠቀም ፕሮግራም ሁሉ ይደርሳል። ስሕተትም ቢሆን እንደዚያው ይደርሳል፣ ያውም ሳይጠየቅ።

ታዲያ ጳጉሜንስ? የአማርኛው ፋይል ውስጥ አለች። ከመስከረም ጀምሮ 13ቱም ወሮቻችን በሥርዓት ተጽፈዋል። ክላስ አውጪው ፕሮግራም ግን የሚያውቃቸው የዘመን አቆጣጠሮች ጥቂት ናቸው፦ የግሪጎሪያኑ፣ የቡድሃው፣ የጃፓኑ፣ የታይዋኑ፣ የእስልምናው። የኢትዮጵያው ጋ ሲደርስ ዘሎት ያልፋል። ስለዚህ ጃቫ ውስጥ በአማርኛ የምታገኙት «ጃንዩወሪ»ን ነው እንጂ «ጥር»ን አይደለም። ስሙ ተሰብስቦ፣ ተጣርቶ፣ ታትሞ፣ ከበር ላይ ቀረ።

ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዋጃ ላይ የተወለደ ልጅ በግሪጎሪያኑ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው የተወለደው። ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን ናት ብሎ የተጻፈ ፕሮግራም የዚህን ልጅ ልደት አይቀበልም። እንዲህ ያለው ኮድ በየቢሮው እንደገና በእጅ የሚጻፈው ቋንቋው ራሱ ስለማያቀርበው ነው።

መውጫ የለውም ማለቴ አይደለም። አይሲዩ የሚባለው ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከነስሞቹ ይዟል፤ አንድሮይድም ከ7ኛው ዕትም ጀምሮ ለፕሮግራመሮች ክፍት አድርጎታል። ጆዳ ታይምም ስሌቱን ያውቃል። የጃቫው ክላስ አውጪ ኮድ ግን ክፍት ነው፣ ማንም ሊያነበው ይችላል። የትምህርት ክፍላችን መምህራን ለዘንድሮ ተመራቂዎች የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክት ርዕስ ካጠራችሁ፣ 13ቱን ወሮች ከፋይሉ ወደ ክላሱ ማሻገር ለአንድ ሴሚስተር የሚበቃ ሥራ ነው። ለማማከር እኔ አለሁ።