ሐኪም ወርቅነህ በኒውዮርክ፤ የጣና ግድብና የእንግሊዝ ቅሬታ

በ1920 ዓ.ም. የጥቅምት ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከኒውዮርክ የወጣ አንድ ወሬ የለንደንን ጋዜጦች አስቆጣ፤ የእንግሊዝንም የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አሳሰበ። ወሬው የኢትዮጵያ መንግሥት በጣና ሐይቅ መውጫ ላይ ግድብ ለማሠራት ጄ. ጂ. ኋይት ከተባለው የአሜሪካ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር መነጋገሩን የሚገልጽ ነበር። ለሥራውም እስከ 20 ሚሊዮን ዶላር ሊወጣ እንደሚችል ጋዜጦቹ ጻፉ። ግድቡ በዚያ ዘመን አልተሠራም። ጉዳዩ ግን በሙያችን ዓይን ብቻ ሲታይ ያልተፈጸመ ፕላን ቢመስልም፣ በዲፕሎማሲ ረገድ ደፋር እርምጃ ነበርና ለማኅበራችን አባላት በመጠኑ ማስታወሱ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የነገሩ ሥር ያለው በ1894 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ግንቦት 7 ቀን ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ኮሎኔል ሃሪንግተን በአዲስ አበባ የተፈራረሙት የወሰን ውል በ3ኛው አንቀጽ ስለ ዓባይ፣ ስለ ጣናና ስለ ሶባት ይናገራል። የአማርኛው ቃል ንጉሠ ነገሥቱ አስቀድመው ከእንግሊዝ ጋር ሳይስማሙ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር የሚደፍን ሥራ እንዳይሠሩ ያስገድዳል። የእንግሊዝኛው ግን የውሃውን መውረድ የሚያግድ ሥራ ሁሉ ይላል። ወንዝን መድፈንና ውሃን መጥኖ መልቀቅ አንድ አለመሆናቸውን ለመሐንዲስ ማስረዳት አያስፈልግም። በውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጽ የደረሰውን ለሚያስታውስ ሰው የሁለት ቋንቋዎች አለመግጠም አዲስ ነገር አይደለም።

ከዚህ ውል በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አሜሪካ ብቅ አለች። በማርሴይ የአሜሪካ ዋና ቆንስል የነበረው ሮበርት ስኪነር ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያም በበቅሎና በግመል ተጉዞ በታኅሣሥ ወር 1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ታኅሣሥ 17 ቀንም የንግድ ውል ተፈረመ። አሜሪካ የምትፈልገው ገበያ ነበር። በአገራችን ገበያዎች የአሜሪካ የጥጥ ጨርቅ አስቀድሞ ስለገባ፣ ውሉ ነጋዴው የጀመረውን ሥራ ያጸና ነበር ለማለት ይቻላል። ለምኒልክ ግን ከጨርቁ የበለጠ ዋጋ የነበረው ሌላ ነው፤ ይህ መንግሥት ከኢትዮጵያ ጋር የሚያዋስነው አንድም ቅኝ ግዛት አልነበረውም። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በ1899 ዓ.ም. ታኅሣሥ 4 ቀን ለንደን ላይ ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ በውስጧ ስላላቸው ጥቅም በተዋዋሉ ጊዜ ይህ ልዩነት ይበልጥ ጎልቶ ታየ።

ሆኖም ወዳጅነቱ ብዙ አልሞቀም። በ1906 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ውል ቢፈረምም፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን በአዲስ አበባ ቋሚ መልእክተኛ አልነበራትም። በ1911 ዓ.ም. እነ ደጃዝማች ነደው አሜሪካ ድረስ ሄደው ከፕሬዚዳንት ዊልሰን ፊት ቢቀርቡም ሁኔታው ወዲያው አልተለወጠም።

የለወጠው የ1918 ዓ.ም. ጉዳይ ነው። በዚያ ዓመት በታኅሣሥ እንግሊዝና ኢጣሊያ በደብዳቤ ተስማሙ፤ ኢጣሊያ የጣናን ግድብ ለእንግሊዝ ልትደግፍ፣ እንግሊዝ ደግሞ ኤርትራን ከሶማሊያ የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ ለኢጣሊያ ልትደግፍ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ፣ ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ለገባችበት የመንግሥታት ማኅበር በሰኔ አቤቱታ አቀረቡ። ሁለቱም መንግሥታት ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ እንዳልነበራቸው ለመግለጽ ተገደዱ። ይህን በቃል ካስረገጡ በኋላ ራስ ተፈሪ ወደ ተግባር አለፉ፤ ግድቡን ኢትዮጵያ ራሷ በአሜሪካ ኩባንያ አሠርታ ውሃውን ለሱዳንና ለግብፅ በኪራይ የምትሰጥበትን ሐሳብ ያዙ።

ለዚህ የተመረጡት ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ እንግሊዞች ሕፃኑን ወርቅነህን ወደ ሕንድ ወሰዷቸው፤ እዚያም ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ፤ ሕክምና ተምረውም በበርማ ለእንግሊዝ መንግሥት አገለገሉ። እንግሊዝን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው እንግሊዝን አልፎ እንዲሄድ መታዘዙ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ሐኪሙ በኒውዮርክ ከኩባንያው ጋር ተነጋገሩ፤ ሃርለም ሄደውም ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ኢትዮጵያን መጥተው እንዲያገለግሉ ጋበዙ።

ለንደን የ1894ቱን ውል አንሥታ ተከራከረች። የኢትዮጵያም መንግሥት ውሉን እንደሚያከብርና እንግሊዝን እንደሚያማክር አስታወቀ፤ የኋይትን ኩባንያ ግን አልተወም። በዚያው በ1920 ዓ.ም. አዲሰን ሳውዘርድ የአሜሪካ መልእክተኛ ሆነው አዲስ አበባ ገቡ። በ1923 ዓ.ም. የኩባንያው መሐንዲሶች ጣናን አጠኑ። ንግግሩም በ1925 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ስብሰባ ቀጠለ።

የዚህ ፖሊሲ ወሰን የታየው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ነሐሴ 24 ቀን 1927 ዓ.ም. ሪኬት የተባለ እንግሊዛዊ በአሜሪካ የዘይት ኩባንያ ስም የአገሪቱን ግማሽ የሚያህል መሬት የሚሸፍን የ75 ዓመት የማዕድን ዘይት ፈቃድ አገኘ። ጥቅሙ ያለበት መንግሥት ዝም ብሎ አያይም ተብሎ ሳይታሰብ አልቀረም። ዋሽንግተን ግን ኩባንያው ፈቃዱን እንዲተው አደረገች፤ ጥቂት ቀናት እንኳ አልፈጀባትም። ዋሽንግተን የኩባንያዎቿን ጥቅም የምትሻውን ያህል፣ ለዚያ ጥቅም ስትል ከአውሮፓ ጠብ ውስጥ መግባት አልፈለገችም። በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ፤ የጣናም ፕላን በዚያው ተዘጋ።

ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካውያን መሐንዲሶች ዓባይን ለማጥናት ተመለሱ፤ በ1950ዎቹ ዓመታት የተጠናቀቀው ጥናታቸውም በወንዙ ላይ አራት ታላላቅ ግድቦችን አመለከተ። የጣና መውጫ ራሱ የውሃ መቆጣጠሪያ ያገኘው ጨረጨራ ላይ በ1988 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይኸውም ሐኪም ወርቅነህ ኒውዮርክ ከሄዱ ከ68 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።