1928፣ በማን አቆጣጠር?

በቤታችን ስለ ቅድመ አያቴ የሚነገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ወታደር ነበር።» የማን ወታደር? አይጠየቅም። ልጅ እያለሁ አንዴ ብጠይቅ አጎቴ «ሂጂ ውሃ አምጪልኝ» ብሎ ከክፍሉ አስወጣኝ። ውሃውን ሳመጣ ወሬው ተቀይሮ ነበር።

አያቴ ካረፈች በኋላ፣ አርባዋ ወጥቶ ሳጥኗ ሲከፈት ከቀሚሶቿ ሥር ሦስት ነገሮች አገኘን፤ የብራና ዳዊት፣ አንድ ፎቶ እና አራት ላይ የታጠፈ የጣሊያንኛ ወረቀት። ወረቀቱን ልገልጠው ስል አጎቴ እጄን ያዘኝ። «1928 ይላል። በልጅነቴ አይቼዋለሁ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ለእኛ 1928 ማለት ማይጨው ነው። መጋቢት 22 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በተሰለፉበት በዚያ ውጊያ፣ በጣሊያን በኩል ከተዋጉት መካከል ሁለት የኤርትራ ክፍለ ጦሮች ነበሩ። የአያቴ ትውልድ ሐማሴን ነው፤ አዲስ አበባ የመጣችው በፌዴሬሽኑ ዘመን ነው። ሐማሴን፣ ወታደር፣ 1928። አጎቴ ሦስቱን ደምሮ ያገኘው መልስ «ባንዳ» የሚል ነበር፤ ይህንንም ለማንም ሳይናገር ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ኖረ።

«ባንዳ» በጣሊያንኛ መደበኛ ያልሆነ የታጣቂ ቡድን ማለት ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ የከሃዲ ስም ሆነ። መደበኛው የቅኝ ግዛት ወታደር ግን «አስካሪ» ነው የሚባለው፤ ቃሉ ከዓረብኛ የመጣ ነው፣ የእኛ «አሽከር»ም ከዚያው ነው። ዝምታው ደግሞ የኛ ቤት ብቻ አይደለም። ከዓድዋ ድል በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምርኮኛ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ከዚያ ወዲህ የአስካሪ ልጅ ነኝ ብሎ አፍ መክፈት ለማንም ቀላል አልነበረም።

ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ጣሊያንኛ ለምታነብ ጓደኛዬ ላክሁላት። ከሠራዊት የመሰናበቻ ወረቀት ነው፣ ጣሊያኖቹ ኮንጄዶ የሚሉት። ማዕረግ፦ ሙንታዝ፣ ከተራ አስካሪ ከፍ ያለ የበታች ሹም። ያገለገለበት ቦታ፦ ቺሬናይካ። የተሰናበተበት ጊዜ፦ መጋቢት 1928። ከዓመቱ ጎን ደግሞ ትንሽ የሮማውያን ቁጥር፣ ስድስት።

ስድስት ምንድን ነው? ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጠር የፋሺስቶቹ ዓመት ነው። ከ1927 እ.ኤ.አ. ወዲህ በመንግሥት ወረቀቶች ላይ ይጻፍ ነበር። ማይጨው በዚህ ቆጠራ ዓመት 14 ላይ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው 1928 የፈረንጅ ነው፤ በኛ 1920 ዓ.ም.።

እንዲያም ሆኖ «ተመልሶ ዘምቶ ቢሆንስ?» የሚል ጥያቄ ቀረ። መልሱ ዳዊቱ ውስጥ ነበር። እንደ ብዙ ቤቶች ሁሉ እኛም ጋ ልደትና ሞት የሚጻፈው በዳዊቱ መጨረሻ ባዶ ቅጠል ላይ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ልደት 1910 ይላል። ቀጥሎ ረጅም ክፍተት። ከዚያ አያቴ፣ ሰኔ 1921፤ አባቷ በተሰናበተ በዓመት ከሦስት ወሩ። ከሥሯ በሌላ እጅ ጽሕፈት የአባትየው ስምና «ዐረፈ፣ ኅዳር 1926» የሚል አለ። ማይጨው ሲደርስ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

ለአጎቴ ደውዬ ነገርኩት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ተመስገን» አለ፤ ደጋግሞ፣ «ተመስገን፣ የወገን ደም የለበትም።»

እኔም ተመስገን ብዬ ነበር። ማታ ላይ ግን ስለ ቺሬናይካ ማንበብ ጀመርኩ።

ቺሬናይካ ምሥራቅ ሊቢያ ነው። ጣሊያን የኤርትራ ሻለቆችን ወደ ሊቢያ መላክ የጀመረችው በ1904 ዓ.ም. ነው። በኤርትራ መሬት እየተነጠቀ ስለነበር፣ ለድሃ ገበሬ ልጅ ቋሚ ደመወዝ የሚገኝበት ዋናው በር ወታደርነት ሆኖ ነበር። ክርስቲያኖቹ አስካሪዎች በተለይ ይፈለጉ ነበር፤ ከሙስሊሙ ሊቢያዊ ጋር አያብሩም ተብሎ። ቅድመ አያቴ እዚያ በነበረበት ጊዜ የተዋጋው ከዑመር ሙኽታር አርበኞች ጋር ነው። ሙኽታርን ጣሊያኖች በ1931 እ.ኤ.አ. ሰቀሉት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከመንደሩ እየተነዳ በረሃ ላይ በሽቦ በታጠረ ካምፕ ውስጥ ታጉሮ ነበር። ያን ያስፈጸመው አዛዥ ግራዚያኒ ነው፤ የየካቲት 12ቱ ግራዚያኒ።

ነገሩ እዚህም አላበቃም። በ1928 ዓ.ም. ግራዚያኒ ኦጋዴን ላይ ሲዘምትብን ካሰለፋቸው መካከል ሊቢያውያን ወታደሮች ነበሩ። ሐበሻውን ሊቢያ፣ ሊቢያዊውን ሐበሻ አገር። ምናልባት ቤንጋዚ ውስጥም አንዲት ልጅ የቅድመ አያቷን ሳጥን ከፍታ «ኦጋዴን» የሚል አንብባ ይሆናል። የሷም አጎት እፎይ ብሎ ይሆን?

ቅድመ አያቴን ለመፍረድ አይደለም ይህን የምጽፈው። ደመወዝ ፈልጎ የሄደ ወጣት ነው፣ ሲመለስም ብዙ አልቆየም። ግን «የወገን ደም የለበትም» የሚለው እፎይታ ውስጥ የሊቢያዊው ደም እንደ ደም አልተቆጠረም። የከበደኝ እሱ ነው።

ፎቶው ላይ ታርቡሽ አድርጎ፣ ወገቡን ሰፊ መቀነት ታጥቆ ቆሟል። የየትኛው ሻለቃ አስካሪ እንደሆነ የሚለየው በመቀነቱ ቀለም ነበር። ፎቶው ግን ጥቁርና ነጭ ነው።

ባለፈው ፋሲካ አጎቴ ዳዊቱን አምጥቶ «ልጆቹ እንዲያውቁት ጻፊበት፤ ማይጨው እንዳልነበረ» አለኝ። ከስሙ ጎን በእርሳስ ጻፍኩ፦ «ሙንታዝ። ማይጨው አልነበረም። ሊቢያ ነበር።» አጎቴ የመጨረሻዋን ቃል ጮክ ብሎ አነበበና ትንሽ አሰበ። «ይሁን፣ ትቆይ» አለ።