የተማሪ እጅና የፊደል እንጀራ

በጎጃም ተማሪ ሆኖ ሥራ መፍጠር ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። ዛሬ በየግቢው «ስታርታፕ» እየተባለ ውድድር ሲዘጋጅ፣ ልጆቹም ስላይድ ይዘው መድረክ ሲወጡ፣ ነገሩ በሙሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ይመስላል። እኔ ፍኖተ ሰላም ተወልጄ ያደግሁ፣ ኮምፒውተር በማስተማር የምተዳደር ሰው ነኝ፤ በዚህ አልስማማም። የአገሬ ተማሪ በየዘመኑ እጁ የገባውን የመጻፊያ መሣሪያ እንጀራ ሲያደርገው ኖሯል።

ቀዳሚዎቹ የቆሎ ተማሪዎች ናቸው። ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ የሚሄደው ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ቁራሽ እንደሚለምን ሁሉም ያውቃል። ብዙ የማይወራለት የእጁ ሥራ ነው። ቁም ጽሕፈት የተማረው የፍየል ቆዳ ይነክራል፤ በእንጨት ላይ ወጥሮ ጠጉሩንና ስቡን ይፍቃል፤ በድንጋይ እያሸ ያለሰልስና ብራና ያወጣል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል ይበጠብጣል፤ ቀዩን ለቅዱሳን ስም ያቆየዋል። የመቃ ብዕሩን ጫፍ ራሱ ቀርጾ 150ውን መዝሙረ ዳዊት አንድ በአንድ ይገለብጣል። ሥራው ወራት ይፈጃል። ደንበኛው ግን ከመጀመሪያው የታወቀ ነው፤ ለደብር የሚሰጥ ባለጸጋ ወይም ለልጁ ዳዊት የሚያስጽፍ አባት። ጥሬ ዕቃው፣ መሣሪያውና ሙያው በአንድ ተማሪ እጅ ነበሩ። ይህን የማነሳው ለጌጥ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የጽሕፈት መኪና ነው። ፊደላችን ከ200 በላይ ቅርጽ ስላለው በላቲኑ መኪና ላይ አይበቃም ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ ዋናውን ፊደል ከመቱ በኋላ የድምፁን ምልክት መቀጠል የሚያስችል ዘዴ ዘየዱ፤ በድሮ ማመልከቻዎች ላይ ቅጥያው ከፊደሉ ገንጠል ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ትልቅ ሥራ ነው። መኪናው ግን ውድ ነበርና በመሥሪያ ቤቶችና በፍርድ ቤት ደጃፍ በሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች እጅ ቀረ። ተማሪው ከባለቤትነት ወደ ደንበኝነት ወረደ።

መሣሪያውን ወደ ተማሪው የመለሰው ኮምፒውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፍሥሐ አጥላውና ዶ/ር አበራ ሞላ አሜሪካ ሆነው በየፊናቸው የግዕዝን ፊደል ኮምፒውተር ላይ አወጡ፤ ዶ/ር አበራ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ኢንተርኔት በጥር 1989 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ሕዝብ ተከፈተ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከአዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ፍኖተ ሰላም ይህ ሁሉ የደረሰው ግን በኮምፒውተር ቤት በኩል ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የነበረውን ኮምፒውተር ቤት በደንብ አውቀዋለሁ፤ ባሕር ዳር ስማር ክረምቱን አንዱ ውስጥ ተቀጥሬ እጽፍ ነበር። ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ የመጠረዣ መሣሪያ። የሚሠሩባት የኮሌጅ ወይም የማታ ተማሪዎች ናቸው። ሲቪ ይጻፋል፣ ከፍላሽ ቫይረስ ይጸዳል፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈን ይጫናል። አማርኛው በአንዱ ቤት በፓወር ግዕዝ፣ በሌላው በቪዥዋል ግዕዝ ይጻፋል። ስለዚህ የመመረቂያ ጥናቱን በፍላሽ ይዞ ካንዱ ቤት ወደ ሌላው የተሻገረ ተማሪ፣ ፋይሉ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይጠብቀዋል። ትክክለኛውን ፎንት ይዞ የሚዞር ልጅ በሰኔ ወር እንደ ሐኪም ይፈለግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ መጣና ችግሩ እየቀለለ ሄደ።

ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ዲቪ፣ የአሜሪካ የቪዛ ሎተሪ፣ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ዲቪ የሚሞላው በኢንተርኔት ብቻ ስለነበር፣ ከጅጋና ከማንኩሳ ሳይቀር ሰው ይመጣ ነበር። ኮምፒውተር ቤቱ ውስጥ የሚሠራው ልጅ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ይወጥራል፤ ገበሬው ጥምጥሙን አውልቆ ይቆማል፤ ፎቶው በተባለው መጠን ይቆረጣል፤ ስም በእንግሊዝኛ ይጻፋል። የማረጋገጫ ቁጥሩ ታትሞ ሲሰጠው ሰውየው አራት አጥፎ መታወቂያው ውስጥ ይከተዋል። ኔትወርኩ መሃል ላይ ከተቋረጠ ሁሉም ከ«ሀ» ይጀመራል።

ይህን ተራ ሥራ አድርጎ የሚያይ ካለ ማይክል ዴልን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1984 የ19 ዓመት ተማሪ ሆኖ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ዶርሙ ውስጥ የሰው ኮምፒውተር እየፈታ ሚሞሪና ዲስክ ይጨምር ነበር፤ በ1,000 ዶላር ያቋቋመው ድርጅት ነው ዛሬ ዴል የሚባለው። የእኛ ልጆች ተመሳሳይ ሥራ ሠርተዋል። እነሱ ያጡት ካፒታልና ሰፊ ገበያ ነው፤ ብልሃት አላነሳቸውም።

ይህን ክፍተት በመሙላት አዲስ አበባ ቀድማናለች። እ.ኤ.አ. በ2011 አይስአዲስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ኮሌጅ ግቢ ተቋቁሞ ለወጣቶች ቦታና ምክር ሰጠ። ሳምራዊት ፍቅሩ ደግሞ አምሽታ ከሥራ ስትወጣ ታክሲ ማግኘት ያስቸግራት ስለነበር የታክሲ መጥሪያውን ራይድን ሠራች። ከራይድ እኔን የሚገርመኝ አፑ አይደለም። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው 8294 ደውሎ መኪና ማዘዝ መቻሉ ነው። በግብርናውም ይህን የሚመስል ነገር አለ፤ በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በከፈተው 8028 ገበሬው በተራ ስልክ፣ በቋንቋው የሰብል ምክር ይሰማል። ለእኛ አካባቢ ትምህርት የሚሆኑት እነዚህ ናቸው።

ቡሬን ተመልከቱ። ከአባይ ማዶ ከወለጋ ጋር የሚያገናኘው መንገድ መነሻ፣ የጥንት የንግድ ከተማ ናት። ዛሬ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስና የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ አሏት። የቡሬና የጃቢ ጠህናን ገበሬ ግን ዛላ በርበሬውን በማዳበሪያ ሞልቶ ገበያ ሲወጣ የዕለቱን ዋጋ የሚሰማው ከደላላ ነው። ከተማሪዎቼ አንዷ የበርበሬ ዋጋን በአጭር መልእክት የሚያደርስ ሥርዓት ለመመረቂያዋ ሠርታ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። ሥርዓቱን የጫነችበትን ሰርቨር መድረስ አልቻለችም። ላፕቶፑ የራሷ ነው፣ ሙያውም የራሷ ነው፤ የኢንተርኔት መስመሩ ግን በእጇ አልነበረም። ብራና ፋቂው ተማሪ ይህ ችግር አልነበረበትም። እኔ በበኩሌ ስለ ተማሪ ኩባንያ የሚያወራ ሁሉ በቅድሚያ ስለ መስመሩ መናገር አለበት እላለሁ።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው የምታስተምሩ ባልደረቦቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። በየዓመቱ የቤተ መጻሕፍትና የሆቴል ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ተሠርቶ፣ ተጠርዞ፣ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ተማሪውን ርዕስ ከማጽደቃችሁ በፊት በርበሬ ተራ ላኩት፤ ገበሬውን፣ ነጋዴውንና ደላላውን አነጋግሮ ይመለስ። ዳታ ሲጠፋ በአጭር መልእክትና በጥሪ ብቻ የሚሠራ ነገር እንዲሠራም ጠይቁት። ውጤት የምትሰጡትም ከገበያው ሰው ቢያንስ አንዱ ሲጠቀምበት አይታችሁ ይሁን።